የአማቴ ነጠላና የቻርጀሩ ወረፋ

ልደታ ቻርጀር ላይ የተሰለፈ ሹፌር በሙሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ ወረፋውን በገዛ ፈቃዱ ለቆልኝ ያውቃል።

አታምኑኝም፣ አውቃለሁ። ሚስቴም መጀመሪያ አላመነችም። እሷ ደግሞ ሃያ ምናምን ዓመት ስትሰማኝ የኖረች፣ ከኔ ወሬ ውስጥ እውነቱን እንደ ምስር ለቅማ የምታወጣ ሴት ናት። የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው ይሄን እያነበበ ከሆነ አሁን ሳቁን መያዝ አቅቶታል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የቻርጀር ወረፋውን ለገዛ ወንድሙ አይለቅም። ግን ሆኗል። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኔ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ከዚያ በኋላ ያወቅኩትን ሁሉ ያስተማርኩት ራሴው ነኝ፤ ደግነቱ አስተማሪውም ጎበዝ፣ ተማሪውም ጎበዝ ነበር። ሕግ የተማርኩት የሰው ክስ ኮፒ ሳደርግ እያነበብኩ ነው። ኮምፒውተር መጠገን የተማርኩት የራሴን አበላሽቼ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ስገዛም ብሎካችን በሙሉ «አበደ» ሲል፣ እኔ ነዳጅ ማደያ ጋ የተሰለፉትን እያየሁ በሆዴ እስቅ ነበር። ሳቄ ብዙ አልቆየም። ከሰልፍ አላመለጥኩም፣ ሰልፍ ነው የቀየርኩት።

መኪናዋ ስትመጣ የምታወራው ቻይንኛ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው ቋንቋዋን ለማስቀየር ባለሙያ ፍለጋ ሲዞር፣ እኔ ቻይንኛውን ተማርኩ። አትሳቁ። «በሩ ክፍት ነው» የሚለውን አውቃለሁ፣ «ቀበቶ እሰር» የሚለውን አውቃለሁ፣ «ባትሪህ እያለቀ ነው» የሚለውን ደግሞ ከማንም ቻይናዊ በላይ አውቃለሁ።

ቤታችን ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መጀመሪያ ሰሞን በመስኮት ገመድ እያወረድኩ ቻርጅ አደርግ ነበር። ገመዱ ሲወርድ በሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን የልብስ ማስጫ በኩል ያልፋል። አንድ ቀን አንሶላቸውን ይዞባቸው ወርዶ መኪናዬን አልብሷት ተገኘ። የብሎኩ ኮሚቴ ሰበሰበኝና ገመዱ ለልጆች አደጋ ነው አለኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ገመዴን ጠቅልዬ የሕዝብ ቻርጀር ደጅ ጠኚ ሆንኩ።

ለማያውቅ ሰው ቻርጀር ማለት ሶኬት ነው፣ ሰክቶ መሄድ ነው የሚመስለው። አንዱ ቻርጀር የራሱን አፕ ጫን ይልሃል። ጭነህ፣ ብር አስገብተህ፣ ስልክህን ስትደቅንለት «ሲስተም የለም» ይሉሃል። መብራት አለ። ገመድ አለ። ማሽኑ አረንጓዴ ያበራል። ዘበኛው አለ፣ እኔ አለሁ። ሲስተም ብቻ የለም። ሲስተም የት እንደሚሄድ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም፣ ምሳ ሰዓት ላይ ግን ይበዛበታል። ሌላው ጋ ስትሄድ ሌላ አፕ። እዚያ ደግሞ ሲስተም አለ፣ ቦታው ላይ ግን ቻርጅ የማያደርግ፣ በቤንዚን የሚሄድ መኪና ቆሞ ታገኛለህ። ባለቤቱ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለው። ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። አንዴ ባለ ጉዳዩ እንዲፈረድለት ቆሜ የጸለይኩበት ቀን አለ፣ ቶሎ እንዲወጣልኝ ብዬ።

ፓርኪንጉን ደግሞ ተዉኝ። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው መንገድ ላይ የሚያስከፍሉት ሁለት ማኅበሮች ናቸው። ድንበራቸው አንዲት የመብራት ምሰሶ ናት። መኪናዬ ስትቆም ምሰሶዋ መሃሏ ላይ ትውላለች። አንድ ቀን ከሁለቱም ትኬት ቆረጡብኝ።

«አንድ መኪና እኮ ናት» አልኳቸው።

አንደኛው ጎንበስ ብሎ አየና «ጋሼ፣ የፊት ጎማው የኛ ነው፣ የኋላው የነሱ» አለኝ።

«የኋላውን አንስቼ ልቁም ታዲያ?»

«ከቻሉ እኛ ችግር የለብንም።»

ጉዳዩን ሦስት ጠበቆች አማክሬበታለሁ። ሦስቱም ሲስቁ የኮፒያቸውን ሳይከፍሉኝ ሄዱ።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ችዬ መኪናዋን ያልሸጥኩት በአማቴ ምክንያት ነው። አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት። የቤንዚን ሽታ አይስማማቸውም፤ ሚኒባስ ውስጥ ገብተው ሜክሲኮ ሳይደርሱ ያስመልሳቸዋል። ስንት ዓመት ሙሉ በእግራቸው ከሚደርሱበት ከልደታ ማርያም ሌላ የትም አልሄዱም። የኔ መኪና ስትመጣ ግን ገብተው ቁጭ አሉ፣ አየሩን ሳብ ሳብ አደረጉና «ይቺ ምንም አትሸትም» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘመድ ሲጠይቁ፣ ሠርግ ሲሄዱ፣ ንግሥ ሲሄዱ እኔ ነኝ ሹፌራቸው። እንደሳቸው የመረቀኝ ሰው የለም። መኪናዋንም ይመርቋታል።

ችግሩ ዓይናቸው ነው። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጣና እየዋለ እያደረ ጋረዳቸው። ሰው የሚለዩት በድምፅ ሆነ። እኔን ለመለየት ተቸግረው አያውቁም፣ ዝም ስለማልል። የልጃቸውን ፊት ግን በእጃቸው እየዳሰሱ «ከስተሻል» ሲሏት ስሰማ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀልዴ ሁሉ ይጠፋብኝ ነበር።

ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ሆስፒታል የዓይን ሞራ ይገፈፋል ተባልን። ተመዘገብን። ብዙ ከጠበቅን በኋላ ተራቸው ደረሰና ነርሷ ደወለች። ሁለት ነገር ብቻ አለች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ካልደረሱ ተራው ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል። የደም ግፊታቸው ከፍ ካለ ደግሞ ዶክተሩ አይነካቸውም፤ አደራ፣ እንዳትደነግጡ፣ እንዳታስደነግጧቸው።

«ያ ተራ ካለፈ ቀጣዩ መቼ ነው?» አልኳት።

«እሱን አሁን መናገር አልችልም» አለችኝ። ከዚህ በላይ የሚያስፈራ መልስ የለም።

ሚስቴ ካርድ ለማውጣት ብላ በዋዜማው ቀድማ ሄደች፣ እዚያው ያለች አክስቷ ቤት ልታድር። በር ላይ ቆማ «ባትሪውን ዛሬውኑ ሙላ» አለችኝ።

«የማን ባል መስዬሽ ነው?»

«የኔ። እሱ ነው ያሳሰበኝ።»

ሱቄን ዘግቼ ከሰዓቱን በሙሉ ዞርኩ። አንዱ ጋ ሲስተም የለም። ሁለተኛው ጋ ባለ ቀጠሮው ቆሟል። ሦስተኛው ጋ ወረፋ ይዤ፣ ወረፋ የያዝኩበትን ደግሞ ፓርኪንግ ከፍዬ፣ ከፊቴ አንድ መኪና ብቻ ሲቀረኝ የሰፈሩ መብራት ድርግም። ተስፋ ቆርጬ ቤት ስገባ አማቴ ቦርሳቸውን አዘጋጅተው ቁጭ ብለዋል። «ሞላ?» አሉኝ። «ጠዋት ይሞላል እማዬ፣ እኔ እያለሁ» አልኳቸው። ባትሪው ሃያ ላይ ነበር። ለከተማ ውስጥ ይበቃል፣ ለዚያ መንገድ ግን አይታሰብም።

ሲነጋጋ ተነሳን። መብራቱ እኛ ብሎክ ላይ አልመጣም ነበር፤ አማቴ በጨለማ ለበሱ፣ እኔም በጨለማ ጫማ አጠለቅኩ። ወደ ሰንጋ ተራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ፓርኪንግ ውስጥ ያለው ቻርጀር መብራት እንዳለው ስለሰማሁ ወደዚያ ነዳሁ። ገመዱ ሁለት ነው፣ አንደኛው ግን ከተተከለ ጀምሮ ፌስታል ታስሮበታል። በሚሠራው በአንዱ ላይ አንዲት ነጭ ታክሲ ተሰክታለች። ከኋላዋ መኪናው በሰልፍ እስከ ዘበኛው ቤት ድረስ ነው። በዚያ ዓይነት ወረፋው ሲደርሰኝ ዶክተሩ ምሳ በልቶ ሁለተኛውን ቡናውን ይጠጣል።

አማቴን ሰልፉ መጨረሻ ላይ ትቻቸው ወረድኩ። አየር ይግባልኝ ብለው በሩን ከፈቱና አንድ እግራቸውን መሬት ላይ አድርገው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። እየጸለዩ ነው።

የነጭዋ ታክሲ ሹፌር ግዙፍ ሰውዬ ነው፤ ትከሻው ብቻ ሁለት ሰው ያህላል። ለመለመን አፌን እያሟሸሁ ስጠጋው፣ እሱ ከኔ አሻግሮ ወደ መኪናዬ አየ። ፊቱ ተለወጠ። ሲጋራውን ጣለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሩቅ ናችሁ?» አለኝ።

«ከከተማ ውጪ ነን። ከሦስት ሰዓት በፊት መድረስ አለብን።»

«ጠዋት ነው የሚሆነው?»

«ጠዋት ነው። ካለፈ አለፈ።»

«እናታችን ያውቃሉ?»

«እንዴት አያውቁም» አልኩት። «ስንት ጊዜ ሲጠብቁት የኖሩት ነገር ነው።»

«ሕመሙ ቆይቷል ማለት ነው» አለና ራሱን ነቀነቀ።

«ቆይቷል እንጂ። ሁለቱም እኮ ናቸው።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም። ዛሬ አንዱን ነው። ሁለተኛውን ከአንድ ወር በኋላ።»

ሰውዬው አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ዞር አለ፣ ገመዱን ከመኪናው ነቀለ፣ ሰልፉን እየተከተለ ሄዶ በየመስኮቱ ጎንበስ እያለ የሆነ ነገር ተናገረ። ዓይኔ እያየ ያ ሁሉ መኪና አንድ በአንድ እየተነሳ ወደ ኋላና ወደ ጎን መጠጋት ጀመረ። መሃል ላይ መንገድ ተከፈተ። አንዲት ክላክስ አልጮኸችም።

እኔ ምን መሰለኝ መሰላችሁ? ዝናዬ። የሱቄ ደንበኞች፣ የክስ ኮፒዎቼ፣ ልደታ ውስጥ ያለኝ ስም እዚህ ድረስ ደርሷል አልኩ። ደረቴን ነፍቼ ነው መኪናዬን አሳልፌ ያቆምኩት። ግዙፉ ሰውዬ ራሱ በእጁ ገመዱን ሰካልኝ፣ በራሱ ስልክ አስጀመረልኝ። ሲስተምም ነበረ። እንዲህ ያለ ጠዋት አይቼ አላውቅም።

ቀጥለው ሹፌሮቹ ከየመኪናቸው ወረዱና አንድ በአንድ ወደ አማቴ በር መጡ። ኮፍያ ያደረገ ኮፍያውን አወለቀ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እማማ።»

«አሜን ልጄ፣ እናንተንም» ይላሉ አማቴ። ስለ ኦፕራሲዮኑ ነግሬያቸው የመጡ መስሏቸዋል።

«ያበርታዎት።»

«አሜን፣ አሜን። ምን ዓይነት የተባረከ ሰፈር ነው።»

መጨረሻ ላይ ዘበኛው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ካፖርታቸውን ጎተት ጎተት አድርገው አስተካከሉና አንገታቸውን ደፉ። «ነፍስ ይማር። ምን ይደረጋል፣ የሁላችንም መንገድ ነው» አሉ።

አማቴ ቀና አሉ። «የማንን ነፍስ?»

ዘበኛው እኔን አዩኝ። እኔ ግዙፉን ሰውዬ አየሁት። እሱ መልሶ እኔን።

«ማነው የሞተው?» አሉ አማቴ።

ማንም አልመለሰም። እኛ አገር ይሄ ጥያቄ ተጠይቆ ዝም ከተባለ፣ መልስ ነው። ግዙፉ ሰውዬ በክርኑ ጎሸመኝና «አያውቁም እንዴ? ያውቃሉ አላልከኝም?» አለኝ በሹክሹክታ። ሹክሹክታው ግን ሰንጋ ተራ ድረስ ይሰማል።

ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። ለአማቴ ግን ገባቸው፣ ማለቴ ያልሆነው ነገር ገባቸው። መርዶ እንዴት እንደምናረዳ ታውቃላችሁ። ለባለ ሐዘኑ «ዘመድ ታሟል፣ ሆስፒታል እንሂድ» ብለን፣ በጠዋት ቀስቅሰን፣ መኪና ውስጥ አስገብተን፣ እያሳሳቅን እንወስድና እዚያው ደርሰን ነው የምንነግረው። አማቴ በዕድሜያቸው ስንቱን ሰው እንዲህ አድርገው ወስደዋል። አሁን ቁጭ ብለው ደመሩት። ከከተማ ውጪ። ሆስፒታል። በጠዋት። እኔ ከቤት ጀምሮ ስቀልድ መጥቻለሁ። ልጃቸው ደግሞ ከትናንት ጀምሮ የለችም።

«ለዓይኔ ነው አልከኝ» አሉ።

«ለዓይንዎት ነው፣ እማዬ።»

«ልጄ የታለች?»

«ካርድ ልታወጣ ሄዳ።»

«ደውልላት።»

ደወልኩ። ስልኩን ከጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ሊገኙ አይችሉም ብላ ያቺ የቴሌ ሴትዮ ስትናገር እኔም ሰማኋት። አማቴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና ትንፋሻቸው መቆራረጥ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። የነርሷ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ሰዓቱን ብንደርስበት እንኳ በዚህ ዓይነት ዶክተሩ አይነካቸውም። ተራው ይሄዳል፣ ልጃቸውን በእጅ እየዳሰሱ መኖሩ ይቀጥላል።

«ማንም አልሞተም» አልኳቸው። «በልደታ ማርያም።»

«አንተ የምትምለው ስትዋሽ ነው።»

ይኸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ያወራሁት ወሬ በሙሉ ያን ጠዋት ተሰልፎ መጣብኝ። ዓሣ ያጠመድኩበት፣ ሌባ ያባረርኩበት፣ ከዳኛ ጋር የተከራከርኩበት፣ ሁሉም። አንድ ጊዜ እውነት ስናገር የሚያምነኝ ሰው አጣሁ።

ከሰልፉ ውስጥ የባንክ ቤት ሹራብ የለበሰች ሴት ነበረች፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት ቻርጅ ልታደርግ የመጣች። እኔን በእጇ ገፋ አደረገችና በሌላው በር ገብታ ከአማቴ አጠገብ ተቀመጠች። እጃቸውን ያዘች።

«እማማ፣ እኛ ማን እንደሞተ አናውቅም። ከእርስዎ አይተን ነው።»

«ከኔ ምን አያችሁ?»

«ነጠላዎትን ነዋ። እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀውታል።»

«ምን አደረግኩት?»

«ጥለቱ ወደ ላይ ነው ያለው። አንገትዎት ጋ።»

የአማቴ አውራ ጣት ቀስ ብሎ ወጣና አንገታቸው ሥር ያለውን ጠርዝ ዳሰሰ። ጥለቱ ነጭ በነጭ ነው፤ ለሳቸው ዓይን ነጠላውም ጥለቱም ጭጋግ ነው፣ የለበሱት ደግሞ በጨለማ። ጣታቸው በክሩ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ጣታቸውን ያያል።

«ይሄን እኔው ነኝ የለበስኩት?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት» አልኩ።

«አንተስ አላየህም?»

«እኔ የማየው ባትሪውን ነበር።»

«የሚያየው ባትሪ» አሉ ለባንክ ቤቷ ልጅ። «ይሄ ነው ሆስፒታል ይዞኝ የሚሄደው። ከኔ በፊት እሱን ይሥሩት።» ሳቅ መጣባቸው፣ ግን አልለቀቁትም፣ ግማሹን ያዙት። ጆሯቸው ያለው ስልኬ ላይ ነው። እኔም ስልኬን እንደ ታቦት በሁለት እጄ ይዣለሁ።

ጠራ። ሚስቴ ናት። ኔትወርክ ጠፍቶባት እንደነበር ለመናገር ጊዜ እንኳ አላገኘችም፤ አማቴ ስልኩን ነጥቀውኛል።

«አለሽ?»

«አለሁ እማዬ፣ ምነው? የት ደረሳችሁ?»

«ምንም። ትንሽ ሞተሽ ነበር፣ አሁን ደህና ነሽ።»

ከዚያ ነው ያ ሳቅ የወጣው። አማቴ ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ የባንክ ቤቷ ልጅ ትከሻቸውን አቅፋ አብራ ተንቀጠቀጠች። ዘበኛው ካፖርታቸው ውስጥ ተደብቀው ሳቁ። ግዙፉ ሰውዬ ግን አልሳቀም፣ የኔን እጅ ይዞ ይጠይቀኛል።

«ቆይ፣ ቆይ። ሁለቱም፣ ዛሬ አንዱን፣ ሁለተኛውን ከወር በኋላ ያልከኝስ?»

«ዓይናቸውን።»

መሬት ላይ ቁጭ አለ። «እኔ እኮ ይሄ ሰውዬ ሁለተኛውን ሬሳ እስከ ወር የት ሊያቆየው ነው እያልኩ ነበር።»

አማቴ ግን ሳቃቸውን ሲጨርሱ ቆፍጠን አሉ። «በሉ ልጆቼ፣ ገመዳችሁን ንቀሉና ወረፋችሁን ያዙ። በሞተ ሰው ስም የተሰጠ መብራት አልፈልግም። የሞተ ሰው ደግሞ የለም።» እግራቸውንም መሬት ላይ አደረጉ፣ ሊወርዱ። አማቴ የማይገባቸውን ነገር አይወስዱም። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ምን ብዬ ልከራከራቸው እችላለሁ?

ግዙፉ ሰውዬ ከተቀመጠበት ሆኖ «እማማ» አለ፣ «ለቀብር የለቀቅኩትን ለዓይን ልነጥቅ ነው? ሰው ምን ይለኛል? ይቀመጡልኝ።»

«ሥራህስ?»

«የኔ ሥራ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። እዚህም ቁጭ ብያለሁ።»

ከኋላ አንድ ባለ መነጽር «እኔ እንኳ ረፍዶብኛል» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተ መቼ በሰዓቱ ገብተህ ታውቃለህ?» አለው ከጎኑ ያለው፤ አብረው የሚሠሩ ናቸው መሰለኝ። «ዛሬ እንኳ ምክንያት አግኝተሃል፣ እማማን አመስግን።»

ባለ መነጽሩም ሳቀና «ይሁን፣ ይሙላላቸው» አለ።

የባንክ ቤቷ ልጅ በዚህ መሃል የአማቴን ነጠላ ገፍፋ፣ አዙራ፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ አልብሳቸው ጨርሳለች። አማቴ እግራቸውን መልሰው አስገቡ። እዚያ ሁሉ ሰው መሃል እያንዳንዱን ሹፌር፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ መኪናውን ጭምር መረቁ። ምርቃቱ ረጅም ስለነበር ባትሪው በደንብ ሞላ።

ስንወጣ ለዘበኛው የፓርኪንጉን ብር ዘረጋሁላቸው። እጄን መለሱት። «ለለቅሶ ብዬ አልፌዋለሁ፤ አሁን ሒሳቤን አታበላሽብኝ» አሉኝ። እኔ ለአንድ መኪና ሁለት ትኬት የምከፍል ሰው፣ በሕይወቴ በነጻ የቆምኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሰዓቱ ደረስን። ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ አሥራ ስትለካቸው እኔና ሚስቴ ግድግዳ ተደግፈን ቆመናል። ነርሷ ሁለቴ ለካች። ከዚያ ወደ ሚስቴ ዞር ብላ «ጥሩ ነው። እንዲህ ተረጋግተው የሚመጡ ጥቂቶች ናቸው» አለቻት። ሚስቴ እኔን አየችኝ፤ እኔም በልኩ ኮራሁ። ዶክተሩ ወደ ውስጥ ወሰዳቸው።

ፋሻው በማግስቱ ሲፈታ አማቴ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉና መጀመሪያ ያዩት ልጃቸውን ነው። ትኩር ብለው አዩዋት። እጃቸው አልተነሳም፣ ጭናቸው ላይ እንዳለ ቀረ። «ሽበት አውጥተሻል» አሏት። ሚስቴ አለቀሰች። እኔ ስቄ ላሳልፈው ነበር፣ አልቻልኩም፣ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ቀጥሎ «አንተ ና እስቲ» አሉኝ። ሄድኩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «በድምፅህ እኮ አልወፈርክም ነበር» አሉኝ።

ስንመለስ ቤት ከመግባታችን በፊት ቻርጀሩ ጋ ውሰደኝ አሉ። ሹፌሮቹ ያው ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት የሚመጡት። አማቴ መስኮቱን ዝቅ አድርገው አንድ በአንድ ተናገሩ አሏቸው፤ የእያንዳንዱን ድምፅ ይሰሙና ፊቱን ያዩታል። ግዙፉ ሰውዬ ሲናገር ጊዜ ወስደው አዩት። «ይሄን የሚያህል ሰውዬ ነው እንዴ ለኔ ብሎ መሬት ላይ የተቀመጠው?» አሉ። ሰውዬው የሚገባበት ጠፋው።

ሁለተኛውም ዓይን ተሠራ። ቻርጀሩ ግን አልተሠራም፣ ፌስታሉ እንዳለ ነው። ሲስተምም አሁንም ምሳ ሰዓት ላይ ይጠፋል፣ የፊት ጎማዬም የኋላ ጎማዬም ይከፍላሉ። እኔ ግን መናደድ ትቻለሁ። ቻርጀሩ እንደ ሰው ቢሠራ ኖሮ ማታውኑ ሞልቼ፣ ጠዋት ከማንም ጋር ሳልነጋገር ሄጄ ነበር፤ እነዚያን ሰዎች በምን አውቃቸው ነበር? አሁን ባትሪ ልሞላ ስል አማቴ ቀድመውኝ መኪና ውስጥ ይገባሉ። ማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥር ለሹፌሮቹ ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል፤ «ሰባ ሁለት ደርሷል፣ ቀጣዩ ተዘጋጅ» እያሉ። ሊያጭበረብር የሚሞክርን ከሩቅ ይለዩታል። ወረፋው እንዲህ በሥርዓት ሄዶ አያውቅም፣ ይሄንንም የኔ ሥራ ነው እላለሁ፣ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።

ይሄንንም አላመናችሁም። ደህና። ከኮንዶሚኒየሙ ወደ ሰንጋ ተራ ስትሄዱ በግራ በኩል ያለው ፓርኪንግ ውስጥ በጠዋት ግቡ። ዘበኛውን ጠይቁ። ግዙፉን ሰውዬ ጠይቁ፣ ማንንም ሳትጠይቁ ታገኙታላችሁ። ባለ መነጽሩን በሰዓቱ ከመጣ ጠይቁ። እነሱን የኔ ጓደኞች ናቸው ካላችሁም፣ ከማሽኑ ፊት ለፊት በቆመችው መኪና ውስጥ የተቀመጡትን ሴትዮ ጠይቁ። ከጀርባ ሳይሆን ፊት ለፊታቸው ቁማችሁ ነው የምትጠይቋቸው፤ ደህና አድርገው ያዩዋችኋል።